የቁስለኛው ባና

አያቴ ግራ ባታቸው ላይ አውራ ጣት የሚያስገባ ጠባሳ ነበራቸው። ልጆች ሆነን ጣታችንን እየከተትን እንጫወትበት ነበር። አንድም ቀን ተቆጥተውን አያውቁም። "ጥይቱማ ገብቶ ወጣ" ይሉን ነበር። "እኔን ሞት አፋፍ ያደረሰኝ ቅማል ነው።"

ያኔ እንስቅ ነበር። ጣልያንን የተዋጋ ሰው ቅማል ልትገድለኝ ነበር ሲል ማን ያምነዋል? ካደግሁ በኋላ የሕክምና ታሪክ ማንበብ ስጀምር ግን እውነታቸውን እንደነበር ገባኝ። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ፣ በአብዛኛው የዓለም ጦርነት፣ ከጦርና ከጥይት ይበልጥ ወታደር የፈጀው በሽታ ነው።

የአያቴ ታሪክ አጭር ነው። በአርበኝነቱ ዘመን መንዝ ውስጥ ቆሰሉ። ጓዶቻቸው እግራቸውን በነጠላ ጠፍረው አሰሩ። በወፍራም የበግ ጸጉር ባና ጠቀለሏቸው። ሌሊቱን ሙሉ በቃሬዛ ተሸክመው አንድ ዘመድ ቤት አደረሷቸው። ወጌሻ መጣ። ቁስሉ በጨው ውሃ ታጠበ፣ ማር ተደረገበት፣ ሻረ። ምርኩዝ ይዘው መራመድ ሲጀምሩ ግን በዚያው ቤት ግርሻ የሚባለው፣ ቅማል የምታስተላልፈው የትኩሳት በሽታ ገባ። ያቺን አንድ ባና ለአራት ሆነው ይለብሷት ነበር። ከአራቱ ሁለቱ ሞቱ።

በዚህች ታሪክ ውስጥ ስለ ጦር ሜዳ ሕክምና ማወቅ ያለብን ዋናው ነገር አለ። ቁስለኛን የሚገድሉት ነገሮች በአንድ ሰዓት አይመጡም። ደም መፍሰስ በደቂቃ ይገድላል። ቆሻሻ በቀናት ይገድላል። መጨናነቅ በሳምንታት ይገድላል። የሰው ልጅ እነዚህን ሦስቱን ለይቶ እስኪያውቅ ብዙ መቶ ዓመት ፈጀበት።

ከደሙ እንጀምር። አዋቂ ሰው 5 ሊትር ገደማ ደም አለው። ባለ 5 ሊትሩን የዘይት ጄሪካን አስቡት። ከዚያ ውስጥ 2 ሊትር ያህሉ ከፈሰሰ ሰውየው ሞት ደጃፍ ላይ ነው። የጭኑ ትልቅ የደም ቧንቧ ከተበጠሰ ይህ ሁሉ የሚያልቀው በደቂቃዎች ነው። ቡና ተቆልቶ አይደርስም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሐኪም አጠገብ ያለው ሰው ነው። ንጹሕ ጨርቅ ቁስሉ ላይ አድርጎ በሙሉ ክብደቱ መጫን፤ ሳያነሱ፣ "ቆመ ወይ?" እያሉ ሳይገልጡ ቢያንስ 10 ደቂቃ መጫን። ከእጅ ወይም ከእግር የሚፈሰው በዚህ አልቆም ካለ ከቁስሉ በላይ፣ አራት ጣት ያህል ወደ ልብ ጠጋ ብሎ፣ ሰፋ ባለ ጨርቅ ማሰር። መገጣጠሚያ ላይ ግን አይታሰርም። ክሩ የቀጠነ ገመድ ሥጋ ይቆርጣል እንጂ ቧንቧውን በደንብ አይዘጋም። ጨርቁ ውስጥ እንጨት አስገብቶ ደሙ እስኪቆም መጠምዘዝ ነው። የታሰረበትን ሰዓት ደግሞ መጻፍ ያስፈልጋል። እስከ 2 ሰዓት ድረስ እግሩ ይችለዋል፤ ከዚያ ካለፈ ለእግሩ ያሰጋል። መንገድ ላይ "ትንሽ ደም ይዘዋወርለት" ተብሎ ላላ እየተደረገ ስንት ሰው አልቋል። የሚፈታው ሐኪም ነው።

ባናው እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ለማያውቀው፣ ባና ከበግ ጸጉር ተፈትሎ የሚሠራ ወፍራም ልብስ ነው፤ የመንዝ ሰው መለያ ነው ማለት ይቻላል። ደም እንዲረጋ የሚያደርጉት በደም ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ሥራቸውን በደንብ የሚሠሩት ገላ ሲሞቅ ነው። ብርድ የገባበት ቁስለኛ ደሙ ቶሎ አይረጋም። ስላልረጋ ይፈሳል። በፈሰሰ ቁጥር ይበልጥ ይበርደዋል። አዙሪት ነው። ዛሬ የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያዎች ቁስለኛን ማሞቅ እንደ ደም ማስቆሙ ሁሉ ሕይወት አድን ሥራ ነው ይላሉ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የኅዳርን ውርጭ የቀመሰ ሰው የምለው ይገባዋል። አያቴን በባና የጠቀለሏቸው ሰዎች እንዲህ ብለው አላሰቡትም ይሆናል፤ ያደረጉት ግን ትክክለኛውን ሕክምና ነው።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ቁስለኛውን ማን፣ በምን፣ በስንት ሰዓት ያደርሰዋል ነው። አውሮፓም ውስጥ ለብዙ ዘመን ቁስለኛ የሚነሳው ውጊያው ካለቀ በኋላ ነበር። አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሜዳ ላይ ይተኛል። ይህን የለወጠው ዶሚኒክ ዣን ላሬ የሚባል የፈረንሳይ ቀዶ ሐኪም ነው። በ1790ዎቹ እ.ኤ.አ. ፈጣን የፈረስ ጋሪዎችን አዘጋጅቶ ውጊያው ሳያልቅ ቁስለኛ ማንሳት ጀመረ። ሌላም ነገር ጨመረ፤ የሚታከመው በማዕረግ ቅደም ተከተል ሳይሆን በቁስሉ ክብደት ይሁን አለ። ጄኔራሉ ጣቱ ቢቆረጥና ተራው ወታደር ሆዱ ቢመታ፣ ወታደሩ ይቀድማል። ዛሬ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ስትገቡ ከእናንተ በኋላ የመጣ ሰው ቀድሞ ሲገባ ካያችሁ፣ የላሬ ሐሳብ ነው እየሠራ ያለው።

በእኛ በኩል ላሬን የሚያክል ነገር ቃሬዛ ነው። ሁለት ረጅም እንጨት፣ መሃሉ በጠፍር ወይም በገመድ የተወጠረ። በገጠር የቃሬዛ ማኅበር የሚባል አለ። አንድ ሰው ታመመ ሲባል፣ ጥሪውን የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ትከሻ እየተቀያየሩ ገደል ወጥተው ጤና ጣቢያ ያደርሳሉ። እንደ ሕክምና ተቋም ስለማይቆጠር ብዙ ሰው አይጽፍለትም። እኔ ግን መቆጠር አለበት ባይ ነኝ። መኪና በማይገባበት ቀበሌ የመጀመሪያው አምቡላንስ እርሱ ነው።

መኪና በሚገባበትም ቢሆን የእኛ አገር መልክዓ ምድር ይፈትናል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ናት፣ 1,300 ሜትር ገደማ። ከዚያ የተነሳ ቁስለኛ ደብረ ሲና ላይ ዳገቱን ይጀምራል። ጣልያን በወረራው ዘመን የሠራውን የጣርማ በር ዋሻ ሲያልፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ቀጭን ሸሚዝ ለብሶ ከሙቀት ተነስቶ ደም እየፈሰሰው ጉም ውስጥ ይገባል። ብርድ ልብስ ሳይያዝ የሚወጣ መንገድ አይደለም።

ሁለተኛው ገዳይ ቆሻሻ ነው። እዚህ ላይ ሐኪሞች ራሳቸው ለብዙ ዘመን ገዳይ ነበሩ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የጥይት ቁስል መርዝ አለው ተብሎ ይታመን ነበር። መድኃኒቱ የፈላ ዘይት ቁስሉ ውስጥ ማፍሰስ ነበር። በ1537 እ.ኤ.አ. አምብሯዝ ፓሬ የሚባል ወጣት ፈረንሳዊ ቀዶ ሐኪም ጣልያን ውስጥ በአንድ ዘመቻ ላይ ዘይቱ አለቀበት። የእንቁላል አስኳል፣ የጽጌረዳ ዘይትና ተርፔንታይን ቀላቅሎ ለቀሩት ቁስለኞች ቀባ። ዘይት ያላፈሰስኩባቸው ይሞታሉ ብሎ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደውም። ሲነጋ ሲያያቸው ያለ ዘይት የታከሙት ረጋ ብለው ተኝተዋል። በዘይት የተቃጠሉት ግን ትኩሳት ይዟቸው፣ ቁስላቸው አብጦ ይቃትታሉ። ፓሬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘይት ማፍላቱን ተወ። እኔን የሚደንቀኝ ድብልቁ አይደለም። ሰውየው ሲነጋ ሄዶ ማየቱና ያየውን ማመኑ ነው።

ወደ አያቴ ቁስል ስመለስ፣ ማሩ ዝም ብሎ ልማድ አይደለም። ማር ውስጥ ስኳሩ ስለሚበዛ ባክቴሪያ የሚኖርበትን ውሃ ይመጠዋል። ኮምጣጣም ነው፤ ብዙ ተህዋስ ኮምጣጣ ነገር አይስማማውም። ከቁስሉ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ደግሞ ንቧ የጨመረችበት ኢንዛይም ጥቂት በጥቂት ሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ይሠራል። ይህ ፋርማሲ ገብታችሁ ለቁስል ማጠቢያ የምትገዙት ያው ፈሳሽ ነው። ዛሬ ለቁስል ተብሎ ተጣርቶ ከጀርም የጸዳ ማር በሆስፒታሎችም ይሠራበታል። ከገበያ የመጣው ግን አቧራም ሰምም ይዞ ነውና ሐኪም እያለ ማር ፍለጋ አትሂዱ።

በተቃራኒው ደግሞ ቁስል ላይ ቡና የመነስነስ ልማድ አለን። እኔም ልጅ ሆኜ ማጭድ ሲቆርጠኝ ተነስንሶብኛል። ደሙ ሲጠጣው ስለሚታይ የቆመ ይመስላል። ቡናው ግን ከጀርም የጸዳ አይደለም፤ ቁስሉ ውስጥ ይጋገራል፣ ለማጠብም አስቸጋሪ ነው። አመድ ከዚያ ይብሳል። የሁሉም ክፉ እበትና አፈር ነው። መንጋጋ ቆልፍ የሚያመጣው ባክቴሪያ ዘሩን ጠንካራ ቅርፊት ውስጥ ደብቆ አፈርና እበት ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። አየር የማይገባበት ጠባብ ቁስል ሲያገኝ ይነቃል። የሚለቀው መርዝ ጡንቻን ሁሉ ይገትራል፤ መንጋጋን ይቆልፋል፣ ጀርባን እንደ ደጋን ያጎብጣል። በ1890 እ.ኤ.አ. ቤሪንግና ኪታሳቶ ፀረ መርዙን አገኙ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ለቁስለኞች ሁሉ መሰጠት ሲጀምር በሽታው በግልጽ ቀነሰ። ዛሬ ክትባት አለ። ሚስማር የወጋው ሰው ጤና ጣቢያ ሂድ የሚባለው ለዚህ ነው።

ያ ቅርፊት አንድ ሌላ ነገርም ያስረዳናል፤ ለደጋ ሰው ይበልጥ ይመለከተዋል። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ ቶሎ ይፈላል። አሰብ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ደብረ ብርሃን ላይ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ባቄላ ደጋ ላይ አልበስል የሚለው በዚህ ነው። 91 ዲግሪ ለመጠጥ ውሃ ይበቃል፣ ለቅማልም ከበቂ በላይ ነው። የመንጋጋ ቆልፍን ቅርፊት ግን 100 ዲግሪውም አይጨርሰውም። ስለዚህ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ድስት ውስጥ ቀቅሎ መጠቀም አይቻልም። አውቶክሌቭ የሚባለው ማሽን በሥራው ትልቅ ፕሬዠር ኩከር ነው። እንፋሎቱን አፍኖ 121 ዲግሪ ያደርሰዋል። ያ ማሽን የተበላሸበት ጤና ጣቢያ ቀዶ ሕክምናው አብሮ ቆመ ማለት ነው።

ጆሴፍ ሊስተር በ1867 እ.ኤ.አ. ቁስልንና የሐኪም እጅን በካርቦሊክ አሲድ ማጠብ እንደሚያድን እስኪያሳትም ድረስ፣ ቀዶ ሐኪሞች ደም የደረቀበት ካፖርት ለብሰው ከሬሳ ወደ በሽተኛ ይሄዱ ነበር። ፔኒሲሊን በ1928 እ.ኤ.አ. ተገኘ፤ ለሰው መሰጠት የጀመረው ግን በ1941 ነው። በብዛት የተሠራውም ለሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞች ሲባል ነው። የሸዋ አርበኞች ሲዋጉ ገና አልነበረም።

ስለ ወጌሻም አንድ ነገር ልበል። አንደኛው የዓለም ጦርነት መጀመሪያ ላይ ጭኑ በጥይት ከተሰበረ ወታደር 80 በመቶ ገደማው ይሞት ነበር። የቶማስ ማሰሪያ የሚባል፣ እግርን ወጥሮ የሚይዝ የብረት ፍሬም በጦር ሜዳው ላይ ሲሰጥ ወደ 20 በመቶ አካባቢ ወረደ። መድኃኒት የለበትም፤ ሥራው አጥንቱ እንዳይነቃነቅ ማድረግ ብቻ ነው። የሚነቃነቅ ስብራት ውስጥ ውስጡን ሥጋ ይቀድዳል፣ ደም ያፈሳል። ወጌሻ በቀርከሃና በጨርቅ የሚያስረው በዚሁ መርሕ ነው። ስለዚህ ወጌሻን የሚንቅ ሐኪም አልወድም። ግን ደግሞ አጥብቆ በማሰር እግር የሞተባቸውን ሕፃናት ታሪክ ሰምቻለሁ፤ ልብ ይሰብራል። ከታሰረ በኋላ ጣቶቹን እዩ። ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ ወይም ከደነዘዙ ወዲያው ይፈታ፣ ሆስፒታል ይኬድ። ሥጋውን ቀድዶ የወጣ አጥንት ደግሞ የወጌሻ ጉዳይ አይደለም።

በአድዋ ጊዜ ኢትዮጵያ የተደራጀ የጦር ሐኪም ክፍል አልነበራትም። ድሉ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነበር። ከጥቂት ወራት በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን መጣ። ጣልያን በምጽዋ አላሳልፍም ስላለችው በጅቡቲና በሐረር ዞሮ ነው አዲስ አበባ የገባው። የአገራችን ዘመናዊ ሆስፒታል ታሪክ ከዚህ ቡድን ጋር የተያያዘ ነው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ጣልያን ጦርነቱን ከመክፈቷ ጥቂት ወራት ብቻ ቀድሞ። የስዊድን፣ የእንግሊዝ፣ የኖርዌይ፣ የፊንላንድና የግብፅን ጨምሮ የብዙ አገር የሕክምና ቡድኖች መጡ። በ1928 ዓ.ም. የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ሆስፒታል ተመታ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ በደቡብ ግንባር መልካ ዲዳ ላይ የነበረው የስዊድን ቡድን ቀይ መስቀሉ እየታየ በቦምብ ተደበደበ።

ስለ መርዝ ጋዙ ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የሚነሳው የሰሜኑ ግንባር ነው። የሰሜን ሸዋው ዘረት ዋሻ ግን ይረሳል። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ራስ አበበ አረጋይ በሸዋ የሚመሩት አርበኛ በየተራራው ይዋጋል። ዘረት ውስጥ የተጠለሉት በዋናነት የአርበኞቹ ቤተሰቦች ነበሩ፤ ሴቶች፣ ሕፃናት፣ ሽማግሌዎች፣ በሽተኞችና ቁስለኞች። የአያቴን ዓይነት ሰዎች ማለት ነው። የጣልያን ጦር ዋሻውን ከበበ። የሰናፍጭ ጋዝ አስገባበት። ከተረፉት በመቶዎች የሚቆጠሩት ወንዶች ተረሽነዋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ተመራማሪዎች ዋሻውን ሲያጠኑ የሸክላ ስባሪና የሰው አጥንት አሁንም እዚያው ነበር።

ዋሻና ሰናፍጭ ጋዝ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ማወቅ አለብን። ስሙ ጋዝ ይባል እንጂ ዘይት መሰል ፈሳሽ ነው። እንፋሎቱ ከአየር ከአምስት እጥፍ በላይ ይከብዳል። ስለዚህ ወደ ላይ አይወጣም፤ ወለል ላይ፣ ሰው በተኛበት ይረጋል። ሲነካ ወዲያው አያምም። ከሰዓታት በኋላ ነው ዓይን የሚያብጠው፣ ቆዳ ውሃ የሚቋጥረው፣ ሳንባ የሚላጠው። ማርከሻ የለውም። ያለው መፍትሔ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ልብስ ማውለቅና ገላን በብዙ ውሃ ማጠብ ነው። ቅባት ውስጥ የሚሟሟ መርዝ ስለሆነ ሳይታጠቡ ቅቤ መቀባት አይረዳም። ለተከበበ ሰው፣ ዋሻ ውስጥ፣ ብዙ ውሃ ከየት ይምጣ? ጣልያን ይህን መሣሪያ የሚከለክለውን የጄኔቫ ስምምነት በ1928 እ.ኤ.አ. አጽድቃ ነበር።

ሦስተኛው ገዳይ ጩኸት የለውም፤ በዝግታ ነው የሚመጣው። ክራይሚያ በተባለው ጦርነት፣ ከ1853 እስከ 1856 እ.ኤ.አ.፣ የእንግሊዝ ጦር 21,000 ገደማ ሰው አጣ። ከእነዚህ 16,000 የሚሆኑት የሞቱት በበሽታ ነው። ፍሎረንስ ናይቲንጌል ስሟ የተነሳው እዚያ ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሳት መብራት ይዛ ስትዞር ነው። ትልቁ ሥራዋ ግን ሞትን መቁጠሯ ነው። ቆጥራ፣ በሥዕል አሳይታ፣ ወታደሩን የፈጀው ቆሻሻው ነው ብላ መንግሥቷን ተሟገተች።

በዚያው ጦርነት መካከል፣ በ1848 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ ሸዋ ዘመቱ። የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት፣ የምኒልክ አባት፣ የሞቱት በጦር አይደለም። የቴዎድሮስ ጦር እየተቃረበ ሳለ በሕመም ነው ያረፉት። የሸዋ ታሪክ መንገዱን የለወጠው አንድም በዚያ ሕመም ነው።

ወደ ቅማሏ እንምጣ። የልብስ ቅማል ከራስ ቅማል ትለያለች። የምትኖረው ጸጉር ውስጥ ሳይሆን ልብስ ውስጥ ነው፤ ቅጫሟን የምትጥለው በስፌቱ መሃል ነው። በቀን ጥቂት ጊዜ ወጥታ ደም ትመጣለች። ሁለት ትልልቅ በሽታ ታስተላልፋለች፤ ተስቦና ግርሻ። የተስቦው ተህዋስ በኩሷ ነው የሚወጣው፤ ሰው ሲያክ ቆዳው ውስጥ ያስገባዋል። ቅማል ተስቦ እንደምታስተላልፍ በ1909 እ.ኤ.አ. ቱኒስ ላይ ያረጋገጠው ሻርል ኒኮል ነው። ወደ ሆስፒታሉ የሚመጡት በሽተኞች ደጃፉ ላይ ሌላውን ያስይዛሉ፤ ታጥበው ልብሳቸው ከተቀየረ በኋላ ግን ዋርድ ውስጥ ማንንም አያስይዙም። ይህን ያህል ቀላል ነገር አይቶ ነው ኖቤል ያገኘው።

ግርሻ ደግሞ በሌላ መንገድ ነው። ተህዋሱ የተቀመጠው ቅማሏ ገላ ውስጥ ነው። በተለይ የሚወጣው ስትጨፈለቅ ነው። በሁለት አውራ ጣት ጥፍር መሃል ቀጭ! የምናደርጋት ያቺ ልማድ በሽታውን ወደ ጣታችን፣ ከዚያም ወደ ታከከው ቆዳችን ወይም ዓይናችን ታመጣዋለች። ስሙን ያወጣው ሰው ጥሩ አድርጎ አይቶታል። ትኩሳቱ ለቀናት ያቃጥላል፣ ይለቃል፣ ሰው ዳንኩ ሲል ከሳምንት ገደማ በኋላ ያገረሻል። ምክንያቱ ተህዋሱ ውጫዊ ልብሱን ስለሚቀይር ነው። ሰውነታችን የመጀመሪያውን መልኩን ለይቶ ሲያጠፋው፣ ጥቂቶቹ ሌላ መልክ ይዘው ይመለሳሉ። ዛሬ በአንድ መጠን ፀረ ተህዋስ ይድናል። ግን መድኃኒቱ በተሰጠ በሰዓታት ውስጥ በሽተኛው ከበፊቱ ብሶ ይንቀጠቀጣል። ተህዋሱ በአንዴ ሲሞት የሚለቀው ነገር ነው። ለዚህ ነው መድኃኒቱን ውጦ ወደ ቤት መሄድ የማይበጀው፤ አጠገቡ ባለሙያ ያስፈልጋል።

ቅማል ደግሞ ሙቀት ትመርጣለች። በሽተኛው ሲተኩስ ገላው ስለሚያቃጥላት ትለቀዋለች። ሲሞትና ሲቀዘቅዝም ትለቀዋለች። ሁለቱም ጊዜ ወደ ቅርቡ ሰው ነው የምትሄደው። አንድ ባና ለአራት የለበሱ ሰዎች ቅርባቸው ማን ነው? ቁስለኛውን ከብርድ ያዳነው ያው ባና ነው ሦስት ሳምንት ቆይቶ ግርሻውን ያዳረሰው።

አገራችን ይህን ሁሉ ሳታውቅ ወረርሽኝን ብቻዋን ተጋፍጣለች። ደብረ ብርሃንን የቆረቆሯት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በነገሡበት በ15ኛው ክፍለ ዘመን መቅሠፍት ገብቶ ቀባሪ እስኪጠፋ ሰው እንዳለቀ ዜና መዋዕላቸው ይናገራል። መቅሠፍቱ እንዲርቅ ብለው እዚያው ደብረ ብርሃን ላይ ቤተ ቂርቆስን አሠሩ። በዚያን ዘመን በእጃቸው የነበረው መከላከያ ጸሎት ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ሲገባ ቆሻሻ ሰብስቦ ማቃጠል መጣ፤ ኅዳር 12 እስከ ዛሬ የምናጥነው ከዚያ ወዲህ ነው። ጭሱ ቫይረሱን አይገድለውም። ቆሻሻው መሰብሰቡ ግን ለአይጥና ለዝንብ ደግ ነው። ፌስታሉን ባናቃጥለው እወዳለሁ።

ፈንጣጣ ላይ ግን አሸንፈናል። ክታብና ክትባት የአንድ ግስ ልጆች መሆናቸውን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ ብራና ላይ ይከተባል፣ አንዱ ክንድ ላይ። በ1963 ዓ.ም. የጀመረው ዘመቻ ሠራተኞቹን በእግርና በበቅሎ በየተራራው አዞረ። የያዙት ጫፏ ሹካ የሆነች መርፌ ነበረች፤ ክንድ ላይ 15 ጊዜ ወጋ ወጋ ማድረግ ይበቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው ሕመምተኛ የታየው በ1968 ዓ.ም. ማብቂያ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በየቀበሌው ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ። ሽንት ቤት አስቆፍሩ፣ እጅ ታጠቡ፣ ልጅ አስከትቡ እያሉ ከቤት ቤት የሚዞሩት እነዚያ ሴቶች ሦስተኛውን ገዳይ ነው የሚዋጉት።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ደብረ ሲና ሲደርስ፣ ደብረ ብርሃን በተፈናቃይ ተሞላች። አንድ ትምህርት ቤት ብርድ ልብስ ይዘን ሄደን ነበር። አንዱን ለእናትና ለሦስት ልጆች አከፋፈልን። አንዲት እናት ተቀብላኝ፣ አገላብጣ ስፌቱን አየችው። "አዲስ ነው?" አለችኝ። አዎ ስላት ልጆቿን ጠቀለለችበት። ያቺ ሴት የጠየቀችኝን ጥያቄ አልረሳውም። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ብርድ ልብስ ብቻ ሰጥቶ መሄድ ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ የልብስ ማጠቢያ ውሃ፣ ትልቅ ድስት፣ ማገዶ፣ ሳሙናና ቅያሪ ልብስ ነው። ከ54 ዲግሪ በላይ የሞቀ ውሃ ቅማልንም ቅጫምንም ይጨርሳል። ኩፍኝ ደግሞ በተጨናነቀ ቦታ እንደ ሰደድ እሳት ስለሚሮጥ የልጆች ክትባት ከምግቡ እኩል መድረስ አለበት።

የበግ ጸጉር ግን አይቀቀልም፤ ይኮማተራል። አያቴ፣ ማለትም የቁስለኛው ሚስት፣ ለዚህ የራሳቸው ዘዴ ነበራቸው። ባላቸው ከግርሻው ሲያገግሙ ጥጥ ጥጡን ቀቀሉ። ባናውን ግን አጥፈው ጆንያ ውስጥ ከተቱ፣ አፉን ጥርቅም አድርገው አሰሩ፣ ከምሰሶው ላይ ሰቀሉት። "ሁለት እሁድ ሳያልፍ ማንም እንዳይነካው" አሉ። የልብስ ቅማል ደም ካላገኘች ከሳምንት አታልፍም። ቅጫሙም ተፈልፍሎ የሚበላው ሲያጣ ያልቃል። ዛሬ ሊታጠብ ለማይችል ልብስ የሚሰጠው ምክር ላስቲክ ውስጥ አሽጋችሁ ሁለት ሳምንት አቆዩት የሚል ነው። በሦስተኛው እሁድ ጆንያውን አወረዱት፣ ባናውን ፀሐይ ላይ አራገፉት፣ ወንዱ አያቴም ለብሰውት ቤተ ክርስቲያን ሄዱ።